ሁለት ፊደል

ጠዋት ነው ይላሉ፤ ውጪው ግን ጨለማ፤
ከሁሳቪክ ወደብ የጀልባ ድምፅ አይሰማ።
ጋራዡ መሃል ላይ፣ ያለ ፊት ጎማ፣
የነፍስ አድን ቡድኑ ግዙፍ መኪና
በክሪክ፣ በግንድ ላይ ተንጠልጥሏል ገና።
አክስሉ ተፈቶ፣ ከብረት አልጋ ላይ፣
ባሕር እንደ ተፋው ዓሣ ነባሪ ተጋድሟል ሲታይ፤
ዘይቱ ጠብ ይላል፣
ሴሚያሱ ተመዟል፣
ኩሽኔታው ደቅቆ አሸዋ መስሏል።

ኦርኖልፉር፣ ሾፌሩ፣ ቆቡን እያሻሸ፣
"ግግሩ አናት ላይ ነው፣" አለ፣ "ቀኑ እንደ መሸ።
እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ ከሥሩ፤
ሁለት ሰው ድንኳን ውስጥ ይጠብቁን ነበሩ።
አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግር ሄድንላቸው፤
ነፍሳቸው ሳትወጣ አገኘናቸው፤
የልጅቷን ጣቶች ግን፣ የግራ እግሯን ሦስቱን፣
ውርጩ ቀድሞን ነበር።" ዋጠ የቀረውን።

ሄርዲስ አልመለሰች፤ ወሬ እሷ አትወድም፤
ሃያ አምስት ዓመት እሳት ፊት ስትቆም
ከብረት ተምራለች መስማት በማስቀደም።
መዶሻዋን አንሥታ መታ መታ አድርጋ፣
ጆሮዋን ደቀነች፣ እንደ ሐኪም ጠጋ።
"እዚህ ጋ፣" አለችኝ፣ "ቁረጠው እዚህ ጋ።"

መቁረጫው ጮኸና ብልጭታው ተበተነ፤
ያረጀው ቀለሙ ተቃጥሎ ተነነ።
ስፌቱ ከላይ ሲያዩት እንዴት ያማረ ነው!
እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ያለው፤
እኔ ጀማሪው ልጅ፣ "ወይ ጉድ! ማን በየደው?"
ብዬ ሳልጨርስ፣
ሁለት ሆኖ ወደቀ።
ላዩ ሠርግ፣ ውስጡን ለቄስ።
እሳቱ ሳይዘልቅ፣ ብረት ከብረት ሳይተዋወቅ፣
እጅ ብቻ ተጨባብጠው
ሃያ ክረምት ሙሉ አብረው የተቀመጡ።

ጨርቅ አንሥታ ፈተገች፣ ዝገቱን አጸዳች፤
በማኅተም የተመታ ሁለት ፊደል አየች።
ደግማ ፈተገች።
የእሷው ስም ነው።
ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ፤ ዓርብ ማታ፤ ጥድፊያ፤
መንደር የሚያወራለት የስፌት ማሳመሪያ፤
ከበር የሚጠብቅ ጓደኛ፣ ጡሩንባ።
ማን አየ? እኔ ብቻ።
መፍጫውን አንድ ጊዜ ብታሳልፍበት
ፊደሉ ይጠፋል፤ ማን ይመሰክርበት?
መፍጫውን አነሣች።
ያዘችው።
መልሳ አስቀመጠች።
"ኦርኖልፉር፣ ና እስቲ። ይቺን አንብብልኝ።"
አነበበ። እሷን አየ። ፊደሉን አየ።
"የእኔ ነው፣" አለችው።
እሱም ይቅር አላለ፣ እሱም አልተቆጣ፤
ቆቡን አጠለቀ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ከዚያ ሥራ ጀመርን።
ስምንት ሚሊ ላሜራ በካርቶን ልክ ቀድደን፣
ሞርሳ ላይ ጠፍረን፣ በሊማ ሞርደን፣
ወገቡን የሚይዝ ድልድይ ሠራንለት።
"ሆዱ ጊዛ ነው፣" አለች፣ "ጊዛ ደግሞ ኩሩ፤
ሙቀት ቢደርስበት፣ ብርድ ቢደርስበት
በድንገት ከሆነ ይተረተራል ከሥሩ።"
በጋዝ ነበልባል ቀስ እያልን አሞቅነው፣
ጠብታ ውኃ ቸስ እስኪል ጠበቅነው።
ጭንብሏን ደፋች።
አንድ ጣት ትበይዳለች፣ ታቆማለች፣
በመዶሻ ጫፍ ቅርፊቱን ትመታለች፤
አንድ ጣት ደግሞ።
ስፌቱ አያምርም። ወፍራም፣ ወጣ ገባ፣
እንደ ሽማግሌ ጣት፤
እሳቱ ግን ገባ።

ጥቁሩን አሸዋ፣ እሳተ ገሞራው የተወውን፣
በምድጃ አግለን ሞላን ሣጥኑን፤
አክስሉን ቀበርነው፣ እንደ ዘመድ ሬሳ።
"እስከ ነገ ድረስ ማንም እንዳያነሣ!"
የተቆረጠውን፣ ያን ቆንጆ ስፌት፣
ከሞርሳው በላይ ምስማር መታችለት፤
ፊደሉ ወደ ሰው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ (ማለትም ወደ ቀትር)
ኦርኖልፉር ተመለሰ፣ ቆቡ ላይ በረዶ፤
ከማንም ሳይነጋገር ከሣጥኑ ሥር ወርዶ
ጓንቱን አወለቀ፣ እጁን ከአሸዋው ሰደደ።
ቆየ።
"ገና ሙቅ ነው፣" አለ።
"አዎ፣" አለችው፣ "ገና ነው።"